የመሪ አካልና የመራጭ ዓይን

ሰው ሰውን አስቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ቃሉን ሳይሰማ ቁመቱን፥ ሐሳቡን ሳይመረምር አረማመዱን ያያል። ይህ ልማድ በገበያና በሠርግ ቤት ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። ሕዝብ የሚመራውን ሰው በድምፁ በሚመርጥበት ቀን ግን ያው ልማድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም፥ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው የአካሉ ብርታትና የጤንነቱ ነገር መራጩን ሊያሳስበው ይገባልን? ወይስ መራጩ ሊመዝን የሚገባው ዕውቀቱንና ጠባዩን ብቻ ነውን? የሚል ነው።

አንዳንዱ ሰው፥ መሪ የሚመራው በአእምሮው እንጂ በእግሩ አይደለም ይላል። ሌላው ደግሞ፥ ራሱን ማቆም የተሳነው ሰው አገርን እንዴት ያቆማል? ብሎ ይጠይቃል። ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም የነገሩን አንድ አንድ ጎን ብቻ ይዘዋል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ታሪክ የሚነግረንን ጥቂት እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎች ፍርዱን ለዓይን ሰጥተውት ነበር። በኦሪት ሕግ ከካህናት ወገን አካሉ የጎደለ ሰው መሥዋዕት ለማቅረብ ወደ መሠዊያው አይቀርብም ነበር። እስራኤል የመጀመሪያ ንጉሣቸውን ሳኦልን ሲቀበሉ፥ ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻው ከፍ ብሎ መታየቱ ልባቸውን ስቦት ነበር። በቢዛንታይን መንግሥትም አካሉ የጎደለ ሰው ዘውድ ሊጭን አይገባውም ይባል ስለ ነበረ፥ ተቀናቃኞች የሻሩትን ንጉሥ ከመግደል ይልቅ አፍንጫውን የሚቆርጡበት፥ ወይም ዓይኑን የሚያጠፉበት ጊዜ ነበረ። ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ695 አፍንጫው ተቆርጦ ተሰደደ፤ በ705 ግን ተመልሶ ዘውዱን ጫነ፤ እስከ 711ም ገዛ። የተቆረጠው አፍንጫው ከመግዛት አላገደውም፤ ሁለተኛውን ዘመኑን በደም ያበላሸው በልቡ የያዘው ቂም ነበረ። ጠላቶቹ የቆረጡት ቦታውን ስተው ነው ለማለት ይቻላል።

ያው የኦሪት መጽሐፍ ግን ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ የታላቁን ልጅ የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ የሚቀባው እርሱ መስሎት ነበር፤ የተመረጠው ግን በጎች ይጠብቅ የነበረው ታናሹ ዳዊት ሆነ። ሙሴም ንግግር እየተሳነው ሕዝቡን ከባርነት አወጣ፤ ቃሉን ለሕዝቡ የሚያደርስለት ወንድሙ አሮን ነበረ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሙሴ ጉድለት አልተሰወረም፤ እርሱ ራሱ ተናገረው፤ ስለ ተናገረውም ረዳት ተሰጠው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይላል ያገራችን ሰው። የአካል ብርታትም እንደዚሁ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት የኢጣሊያው ሙሶሊኒ ደረቱን ገልጦ በስንዴ አውድማ ላይ ሲሠራ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር፤ ሥዕሉም ለሕዝብ ይበተን ነበር። ይህ ሰው በ1935 በኢትዮጵያ ላይ ጦር ያዘመተና በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ሰው ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ያለ ድጋፍ መቆም አይችሉም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው መሪ ይሻላል ብሎ በዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር፥ ሰፊ ደረት ያለውን በመረጠ ነበር።

ይህን ስንል ግን መራጭ የመሪውን አካል ከቶ አይመልከት ማለታችን አይደለም። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ፥ ኮቴዋን አንሥቶ ያያል፤ ይህንም የሚያደርገው መንገዱ ሩቅ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። መኪና ለመንዳት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ዓይኑን ይመረመራል። ቅኔ የሚያስተምር መምህር ግን ዓይነ ስውር ቢሆን ከማስተማር የሚያግደው የለም፤ በአገራችን አብያተ ጉባኤ ዓይናቸው የማያይ ሊቃውንት ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። እንግዲህ ምን ዓይነት ጤንነት ያስፈልጋል የሚለውን የሚወስነው ሥራው ራሱ ነው።

የመሪ ሥራስ ምንድን ነው? ብዙ ማንበብና ብዙ መስማት፥ እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ምክሮችን ማመዛዘን፥ በእኩለ ሌሊት ተቀስቅሶ በጎሕ ጊዜ መወሰን፥ ከተቃወሙትም ሰዎች ጋር ሳይሰለቹ መነጋገር ነው። ለዚህ ሥራ የእግር መስላት አያስፈልገውም፤ የውፍረትና የቅጥነት ነገርም እምብዛም አያገባውም። የአእምሮ ንቃትና የሚያዘልቅ ኃይል ግን የግድ ያስፈልጉታል። እነዚህ ሲጠፉ ምን እንደሚደርስ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውድሮ ዊልሰን ታሪክ ያሳየናል።

ዊልሰን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን ሕዝቡን ለማስረዳት በባቡር ሲዘዋወሩ በመስከረም 1919 ታመሙ፤ በጥቅምት ወር መጀመሪያም የአንጎል ምት ደረሰባቸውና የግራ ጎናቸው ሰለለ። ባለቤታቸውና ሐኪማቸው የሕመሙን ክብደት ከሕዝብም ከምክር ቤትም ሰወሩ። ሥልጣናቸው እስከሚያበቃበት እስከ መጋቢት 1921 ድረስ፥ ለ17 ወራት ያህል፥ ወደ ፕሬዚዳንቱ የሚገባውን ወረቀትና ሰው የሚመርጡት ማንም ያልመረጣቸው ባለቤታቸው ነበሩ። በዚሁ ጊዜ የቬርሳይ ውል በሴኔቱ ፊት ቀርቦ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ዊልሰንም ከአልጋቸው ሆነው ማሻሻያ አንቀበልም ከማለት በቀር ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ሊነጋገሩ አልቻሉም። አሜሪካ ወደ ማኅበሩ ሳትገባ ቀረች። ይህ ማኅበር ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበት፥ በ1936ም የተወረረች አገር አቤቱታዋን አሰምታ የሚረዳት ያጣችበት ማኅበር ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ሰው ሕመም ነው ማለት ታሪክን ማቃለል ይሆናል። ሆኖም የአንድ መሪ ሕመም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አልፎ እጅግ ሩቅ አገር ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ መራጩ የመሪው ጤንነት ያሳስበዋል ቢሉ ተገቢ ነው። ችግሩ ግን ዓይን ማየት የሚችለውና መራጩ ማወቅ የሚገባው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። በመስከረም 26 ቀን 1960 ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ተከራከሩ፤ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመለከታቸው። ኒክሰን ጉልበታቸው ቆስሎ ሆስፒታል ሰንብተው የወጡ ስለ ነበሩ ከስተውና ገርጥተው ታዩ። ኬኔዲ ግን ፊታቸው በፀሐይ የጠየመ፥ ወጣትና ጤነኛ መስለው ቀረቡ። እውነቱ ግን የዚህ ግልባጭ ነበረ። የኒክሰን ሕመም በጥቂት ሳምንት የሚያልፍ ሲሆን፥ ኬኔዲ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች የሚያደክመው አዲሰን የሚባል በሽታ ነበረባቸው፤ በየጊዜውም መድኃኒት ሳይወስዱ መኖር አይችሉም ነበር። የጀርባቸውም ሕመም በ1954 በተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ለሞት አድርሷቸው ነበር። በምርጫው ጊዜ ይህ ነገር ሲነሣ ወገኖቻቸው ካዱ። እንግዲህ ያን ሌሊት ዓይን የፈረደው በቀለምና በመብራት ነው እንጂ በጤንነት አይደለም።

በዓይን የሚታየው ጉድለትና በሥራ ላይ የሚከብደው ጉድለት ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየው ግን ከሁሉ ይልቅ የሩዝቬልት ታሪክ ነው። ሩዝቬልት በነሐሴ 1921 በ39 ዓመታቸው በልምሻ በሽታ ተይዘው እግራቸው ሰለለ። በ1928 የኒው ዮርክ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ ለፕሬዚዳንትነት ሲታሰቡም አካላቸው ለሥራው ይበቃልን? የሚል ጥያቄ በአደባባይ ተነሣ። በ1931 ሦስት ሐኪሞች መርምረዋቸው ለሥራው ብቁ መሆናቸውን ያረጋገጡበት ቃል በአንድ መጽሔት ታተመ። ሕዝቡም በ1932 መረጣቸው። ልምሻ እንደ ያዛቸው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የድካማቸውን ልክ ግን አያውቅም ነበር። ፎቶግራፍ አንሺዎች በባለ ጎማ ወንበር ላይ ሳሉ እንዳያነሷቸው ይደረግ ነበርና፥ ሕዝቡ የሚያያቸው ቆመው ወይም በመኪና ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እግሮቻቸውም በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አገሪቱን ከድህነት ለማውጣትም ሆነ ትልቁን ጦርነት ለመምራት አላገዷቸውም።

በመጋቢት 1944 ግን አንድ የልብ ሐኪም መርምሮ የልብ ድካምና ብርቱ የደም ብዛት አገኘባቸው። ይህ በዓይን የማይታይ፥ ነገር ግን በቀጥታ ሥራውን የሚነካ በሽታ ነበረ። ዋናው ሐኪማቸው ጤንነታቸው መልካም ነው እያሉ ለሕዝብ ተናገሩ። ወሬው ግን አልቆመምና፥ በጥቅምት 21 ቀን 1944 ሩዝቬልት በኒው ዮርክ ከተማ በብርድና በዝናብ ውስጥ ክዳን በሌለው መኪና ለሰዓታት እየተዘዋወሩ ብርቱ መሆናቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ሕዝቡም ያየውን አመነ፤ በኅዳር ወር ለአራተኛ ጊዜ መረጣቸው።

በየካቲት 1945 ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፥ በግብፅ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን ጉዳይ፥ የኤርትራንና የባሕር በርን ነገር ያቀረቡላቸው ሰው ሁለት ወር የማይሞላ ዕድሜ የቀራቸው ነበሩ። በመጋቢት 1 ቀንም ለምክር ቤቱ ተቀምጠው ሲናገሩ ስለ መቀመጣቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ በእግራቸው ላይ ዐሥር ፓውንድ ያህል ብረት መሸከም እንደሚያደክማቸውም ገለጹ። ስለ እግራቸው በምክር ቤቱ ፊት እንዲህ በግልጽ መናገራቸው ነበረ፤ ስለ ልባቸው ግን ቃል አልተነገረም። በሚያዝያ 12 ቀን አረፉ። በምክትልነት የተመረጡት ሃሪ ትሩማን ሥልጣኑን ሲረከቡ ስለ አቶሚክ ቦምብ በቂ ነገር አልተነገራቸውም ነበር።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው። ሕዝቡ ስለ ሩዝቬልት እግር ተጠራጥሮ ቢተዋቸው ኖሮ ይሳሳት ነበር። ስለ ልባቸው ግን የማወቅ መብት ነበረው፤ ምክንያቱም በዚያ ምርጫ ላይ ምክትል ሆኖ የሚቀርበው ሰው ነገ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው ነበረና፥ መራጩ ይህን እያወቀ ሊመርጠው ይገባ ነበር።

ይህ በሌላም አገር ታይቷል። በፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፖምፒዱ በ1974 በሥልጣን ላይ ሳሉ ታመው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በ1981 የተመረጡት ፍራንሷ ሚተራን ስለ ጤንነታቸው በየስድስት ወሩ መግለጫ እንዲወጣ ቃል ገቡ። በተመረጡበት ዓመት በኅዳር ወር ካንሰር ተገኘባቸው፤ መግለጫው ግን እስከ 1992 ድረስ ምንም እንደሌለባቸው እየመሰከረ ይወጣ ነበር። መግለጫ ማውጣት ብቻውን እውነትን መናገር እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ለረጅም ጊዜ ሲተኙ በቤተ መንግሥት የነበረውን ሽኩቻ፥ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካረፉም በኋላ ሞታቸው ሳይታወጅ መቆየቱን የማያውቅ የለም። በቅርቡ ዘመንም፥ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፥ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን በራቁባቸው ሳምንታት ስለ ሕመማቸው የሚነገረው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ የሚመገበው ወሬን ነበር። እውነት በማይነገርበት ቦታ ወሬ ይነግሣል፤ ወሬም ከበሽታው ይልቅ መንግሥትን ያደክማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለግለሰብ ብቻ የተነገረ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚሰውሩት ሰዎች ነው። ነገር ግን እውነቱን ከተናገርን፥ በዚህ ጥፋት ውስጥ መራጩም ድርሻ አለው። ሩዝቬልትን በዝናብ ያስዞራቸው ማን ነው? መሪውን ታምሞ ማየት የማይፈልገው፥ የጥንካሬ ትርኢት የሚጠይቀው የሕዝብ ዓይን አይደለምን? ሕዝብ ሕመምን ሁሉ እንደ ነውር ከቆጠረው፥ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ሁሉ መዋሸትን ይማራል። ያን ጊዜ የሚመረጠው ጤነኛው ሳይሆን መደበቅ የሚችለው ይሆናል።

ይህ ግን የማይቀር ዕጣ አይደለም። በመስከረም 24 ቀን 1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዴንቨር ከተማ ብርቱ የልብ ሕመም ያዛቸው። ሐኪማቸው ጋዜጠኞችን ሰብስበው የሕመሙን ዓይነት፥ የሚወስደውን ጊዜና የሚጠበቀውን ሁሉ በግልጽ አስረዱ። ሕዝቡ ለወራት የማገገማቸውን ነገር ሲከታተል ቆየ። በ1956 ምርጫም ከ48 ግዛቶች በ41ዱ አሸነፉ። ሕመማቸውን የነገሩት ሕዝብ አልጣላቸውም። ለእኛ እንደሚመስለን፥ ሕዝብ ከሚታሰበው ይልቅ አስተዋይ ነው፤ የሚያስተውለው ነገር ግን ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የበሽተኛ ምሥጢር የበሽተኛው ነው፤ ሐኪምም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለሥልጣን ስለ ተወዳደረ ብቻ ሰው በአደባባይ ይገለጥ ማለት ክብሩን መንካት ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሥልጣን የያዘ ሰው ሰውነቱን አልሸጠም፤ ሥራውን የማይነካ ሕመሙ የራሱ ነው። መራጭም ይህን መበርበሩ ነውር ነው። ስለ እግሩ መስለል፥ ስለ ጆሮው መክበድ፥ ስለ ውፍረቱ የሚሳለቅ መራጭ የሚያዋርደው ራሱን ነው። በ1990 በጥይት ተመትተው ሽባ የሆኑት ቮልፍጋንግ ሾይብለ ከ2009 እስከ 2017 በባለ ጎማ ወንበር ሆነው የጀርመንን የገንዘብ ሚኒስቴር መርተዋል። ዓይነ ስውሩ ዴቪድ ብላንኬትም ከ1997 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ነገር ግን ሕመሙ ፍርድን የሚያዛባ፥ ወይም የተሰጠውን ዘመን እንዳይፈጽም የሚያደርግ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ምሥጢሩ የእርሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን የሚነካ ነገር ሲደርስ ለባለቤቱ ሊነግር ይገባዋልና።

ከዚህም ሌላ፥ መናገር ብቻ አይበቃም፤ መሪው ሲደክም ሥራውን የሚረከብበት ሥርዓት አስቀድሞ ሊዘጋጅ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ከዊልሰን፥ ከአይዘንሃወርና ከኬኔዲ በተማሩት መሠረት በ1967 ሕገ መንግሥታቸውን ለሃያ አምስተኛ ጊዜ አሻሽለው፥ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ምክትሉ የሚተካበትን መንገድ ጻፉ። በኅዳር 19 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ለሕክምና ምርመራ ሰመመን ሲሰጣቸው፥ ለ85 ደቂቃ ሥልጣኑን ለምክትላቸው ለካማላ ሃሪስ አስረክበው መልሰው ተቀብለዋል። ማንም አልደነገጠም፤ ሥርዓት ያለው አገር መሪው ቢተኛም አይደነግጥም። ነገር ግን ሕግ ሁሉን ነገር አይጨርስም። በሰኔ 27 ቀን 2024 በተደረገው ክርክር እኒሁ የ81 ዓመት ሰው ቃላቸው ሲደናቀፍ ሕዝብ አየ፤ በሐምሌ 21 ቀንም ከውድድሩ ወጡ። በምርጫው አሸንፈው በጥር 2025 ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዶናልድ ትራምፕም የ78 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በዕድሜ ከእርሳቸው በልጦ ቃለ መሐላ የፈጸመ ፕሬዚዳንት ከዚያ በፊት አልነበረም። እንግዲህ ጥያቄው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ መልሱንም ለአንድ ሌሊት ክርክርና ለአንድ ጥይት ፎቶግራፍ መተው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። የመሪ ጤንነት መራጩን ሊያሳስበው ይገባል፤ የሚያሳስበው ግን እንደ ሙሽራ መራጭ ሳይሆን እንደ አደራ ሰጪ ነው። አደራ ሰጪ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይህ ሰው ሥራው የሚፈልገውን የአእምሮ ንቃትና ኃይል ይዟልን? ስለዚህስ እውነቱን ይነግረናልን? ቢደክም ወይም ቢሞት አደራውን የሚቀበለው ማን ነው? እነዚህን ሦስቱን ትቶ በደረት ስፋትና በእርምጃ ፍጥነት የሚመርጥ ሰው፥ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ሊሠራው የነበረውን ስሕተት ይሠራዋል።

ይህ ፍርድ ለትልልቅ ባለሥልጣናት ብቻ የተነገረም አይምሰለን። በየመሥሪያ ቤታችን አለቃው ሲታመም ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ የሚከማች፥ ባለጉዳይም ነገ ይመጣሉ እየተባለ የሚመላለስ ከሆነ፥ የዊልሰን መኝታ ቤት በእኛም ዘንድ አለ ማለት ነው። በየትምህርት ቤታችንም ልጆች ለክፍል አለቃነት ረጅሙንና ጉልበተኛውን ሲመርጡ ዝም ብለን ካየን፥ የነገውን መራጭ እያሳሳትነው ነው። ሰው ሁሉ ይታመማል፤ ያረጃል፤ ይደክማል። ይህ ማንንም የሚያሳፍር አይደለም። ሙሴ ንግግር እንደሚሳነው ሳያፍር ተናግሮ አሮንን አገኘ። እኛም መሪዎቻችን ደክሞናል ለማለት የማይፈሩበትን ልብ ብናሳያቸው፥ እነርሱም እውነቱን ለመንገር ድፍረት ያገኛሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።